ከቦሩ ሜዳ እስከ አንቀጽ 29፦ የመናገር ነፃነትና ድንበሩ ከወሎ ደጋ ሲቃኝ

የመናገር ነፃነት ታሪክ በእኛ አገር ሲተረክ ብዙውን ጊዜ ከጋዜጣ ይጀመራል፤ ጋዜጣው ደግሞ ከአዲስ አበባ። ይህ ቅኝት መነሻውን ወደ ወሎ ያዞራል። ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ካለችው ከኩታበር ተነሥቶ፣ ተንታንና ለጋምቦን አቋርጦ፣ ቦረና ውስጥ እስከምትገኘው መካነ ሰላም የሚዘልቀው ደጋ ማን ይናገር፣ ምን ይናገር፣ የት ላይ ያቁም የሚለው ጥያቄ ከ500 ዓመት በላይ የተፈተነበት ምድር ነው። ምሁራን ተከራክረውበታል፣ መነኮሳት ተቀጥተውበታል፣ ሼሆች ተሰደውበታል፣ ረሃብ ተደብቆበታል፣ ጦርነትም አልፎበታል። ከዚህ ሁሉ የምረዳው አንድ ነገር አለኝ። የንግግር ድንበር በዚህ አገር የተሠራው በአብዛኛው ሥልጣንን ለመጠበቅ ነበር። ሰውን ሊጠብቅ የሚገባው ድንበር ግን በሚያስፈልግበት ሰዓት አልተገኘም።

መነሻው የሃይማኖት ክርክር ነው። በመካከለኛው ዘመን የአደባባይ ጉዳይ የሚባለው፣ ሰው ሐሳቡን ዘርዝሮ የሚሟገትበትና የሚጽፍበት መስክ ነገረ መለኮት ነበር። የወሎው አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ «መጽሐፈ ምሥጢር»ን የጻፈው ከእሱ የተለየ ትምህርት ያስተማሩትን አንድ በአንድ እየጠራ በመሞገት ነው። ቤተ መንግሥቱ ለክርክር ሸንጎ ይዘረጋ ነበር፤ ረቺውን የሚያከብረውም፣ ተረቺውን የሚያስረውም ያው ቤተ መንግሥት ነበር። የአባ ጊዮርጊስ ገድል ራሱ፣ ይህ ታላቅ ሊቅ በከሳሾቹ ምክንያት ከእስራት እንዳላመለጠ ይተርካል። በዚያው ምዕተ ዓመት የተነሡት ደቂቀ እስጢፋኖስ ከዚህ የባሰ ደረሰባቸው። ለንጉሥ አንሰግድም፣ ስግደት ለፈጣሪ ብቻ ነው በማለታቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ተገረፉ፣ ተጋዙ፣ ተገደሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ታሪካቸውን ወደ አማርኛ መልሰው ያሳተሙት መጽሐፍ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ይባላል። ንጉሥን ከሕግ በታች ለማየት የደፈረ ድምፅ በአገራችን ከአውሮፓ መጻሕፍት በፊት እንደነበረ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ከሊቃውንቱ ሸንጎ ውጭ ሕዝቡም የራሱ የንግግር ሥርዓት ነበረው። በዛፍ ጥላ ሥር በሚሰየም ችሎት ባላጋራዎች በ«በላ ልበልሃ» ይሟገታሉ፤ ነገር ማሳመር መብትም ሙያም ነበር። የተበደለ ሰው ከገዥው ደጅ ቆሞ «አቤት» ይላል፤ «በሕግ አምላክ» ብሎ ያስቆመውን ሰው ማለፍ ነውር ነው። በወሎ የሚታወቁት አባጋሮች ዕርቅ ሲያወርዱ ሁለቱም ወገን በደሉን ሳይቋረጥ እንዲናገር ያደርጋሉ። ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደነበር ይነገራል፤ የሕዝብን ስሜት የሚያውቁት በሜዳ ከሚዜመው ነበርና። የዋድላ የቅኔ ቤት፣ የአዝማሪ ማሲንቆ፣ የአልቃሽ ግጥም፣ የሼህ ሁሴን ጅብሪል ስም የያዙት የትንቢት ስንኞች ሁሉ በቀጥታ የማይባለውን የማለት ስልቶች ነበሩ። ሰምና ወርቅ የኪነ ጥበብ ጌጥ ተደርጎ ይወደሳል፤ መወደሱ ይገባዋል። ነገር ግን ወርቁን ከሰም በታች የሚደብቅ ሕዝብ የሚፈራው ነገር እንዳለው መዘንጋት የለበትም። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ምሳሌም ድንበሩ የት እንደነበር በግልጽ ይናገራል፤ ጎረቤትን መክሰስ ይቻላል፣ ንጉሥን አይቻልም።

የቀጣዮቹ ምዕተ ዓመታት ታላቅ ለውጥ፣ ክርክሩ ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ የመንግሥት ሕልውና ጥያቄ መሆኑ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በአዋጅ ቢጭኑ አገሩ በደም ታጠበ፤ በ1624 ዓ.ም. አዋጁን ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣው የቅባትና የጸጋ ክርክር ጎጃምን፣ ጎንደርንና ሸዋን ከፋፍሎ እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት ዘለቀ። መቋጫው የተገኘው በወሎ ምድር፣ ከኩታበር ብዙም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ ነው።

በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክንና የየወገኑን ሊቃውንት በቦሩ ሜዳ ሰበሰቡ። ጉባኤው በቅርጹ የክርክር ጉባኤ ነበር፤ ሦስት ልደት የሚባሉት የጸጋ ተከታዮች ቆመው መልስ ሰጥተዋል። ፍርዱ ግን አስቀድሞ የተቆረጠ ያህል ነበር። ተረቱ፣ ትምህርታቸውም ተወገዘ፤ ውሳኔውን አንቀበልም ያሉ ጥቂት መነኮሳት ምላሳቸው እንደተቆረጠ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። በኢትዮጵያ ታሪክ የመናገር ነፃነት ጥያቄ ይህን ያህል በአካል ላይ የተጻፈበት ሌላ ሰዓት ማግኘት ያስቸግራል። ጉባኤውን በንጉሠ ነገሥቱ ዓይን ካየነው አመክንዮ አለው፦ የውጭ ጠላት በደጅ ቆሟል፣ አንድ ሃይማኖት አንድ አገር ያጸናል የሚል እምነት አለ። ለአንድነት ሲባል ምላስን መዝጋት ተገቢ ነው የሚለው ይህ ሐሳብ ከዚያ ወዲህ መልኩን እየለወጠ በየዘመኑ ተመልሷል።

ውሳኔው በክርስቲያኑ ሊቅ ላይ ብቻ አልቆመም። የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። የወረ ሂመኖው መሪ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። ብዙ ሕዝብ ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆኖ ኖረ። ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ግን ትእዛዙን ተቃውመው ተነሡ፤ በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የተገጠሙ ሥራዎቻቸውም እስከ ዛሬ ይታወሳሉ። የታሪክ ምሁሩ ሑሴን አሕመድ የ19ኛውን ምዕተ ዓመት የወሎ እስልምና ሲያጠኑ እንዳሳዩት፣ መንዙማና የሼሆች ትምህርት እምነትን ብቻ ሳይሆን የተገፋ ሕዝብ ትዝታንም ይዘው ተሻግረዋል። የወሎ ሰው ዛሬ የሚኮራበት የክርስቲያንና የሙስሊም አብሮነት ከዚህ ጉዳት በኋላ ሕዝቡ ራሱ የገነባው ነው፤ በአዋጅ አልመጣም።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ስንጠቀልለው፣ በጥንቱ ሥርዓት መናገር ችሮታ ነበር። ገዥው ሸንጎ ይከፍታል፣ ሲሻ ይዘጋል። ተናጋሪው የሚጠለለው በቅኔ፣ በገዳም ወይም በስደት ነው። ቀጣዩ ዘመን አዲስ ነገር አመጣ፤ ማተሚያ ቤትንና የተጻፈ ሕገ መንግሥትን።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» ጋዜጣ ወጣ። በ1917 ዓ.ም. በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ ድጋፍ የጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ወጣት ምሁራን ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ባርነትና ስለ አስተዳደር የሚጽፉበት መድረክ ሆነ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ስለ ንግግር ነፃነት ዝም አለ። የተሻሻለው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 41 የንግግርና የጋዜጣ ነፃነት «በሕግ መሠረት» የተጠበቀ መሆኑን ደነገገ። በመካከሉ ዓለም ተለውጦ ነበር፤ ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 1941 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ደግፈው ድምፅ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ነበረች፤ የመግለጫው 19ኛ አንቀጽ ደግሞ የመናገርን ብቻ ሳይሆን መረጃ የመፈለግንና የመቀበልን መብትም ያውጃል። አገር ውስጥ ያለው እውነታ ከዚህ ራቅ ያለ ነበር። ሕትመት ሁሉ በሳንሱር ያልፍ ነበር፤ የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ታግዶ ከገበያ ተሰብስቧል። «በሕግ መሠረት» የምትለዋ ሐረግ የሰጠውን መልሶ የሚወስድ በር ሆና አገለገለች።

በዚህ በር ላይ የገፉት ተማሪዎች ናቸው። በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን የቀረበው የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የግጥሙን መድረክ ወደ ፖለቲካ አደባባይ ለወጠው። በደሴ የወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት የንቃት ማእከል ሆነ፤ የወሎው ልጅ ዋለልኝ መኮንንም በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈውን ጽሑፍ «ታገል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት አወጣ። በሚቀጥለው ወር የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ አስከሬኑን ይዘው በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይም ተተኮሰ። የዋለልኝን ሐሳብ የሚደግፉም የሚያወግዙም ዛሬ ብዙ ናቸው። እኔ የምለው፣ ጽሑፉ በነፃ መድረክ ተሞግቶ፣ ተፈትሾ፣ ተስተካክሎ ቢሆን ኖሮ የጥያቄውና የመልሱ መንገድ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። የታፈነ ሐሳብ አይሞትም፤ ሳይሞረድ ያድጋል።

የወሎ ረሃብ የዚህ ሁሉ ታሪክ እምብርት ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ዝናብ ጠፋ። የከፋው ጉዳት የደረሰው በምሥራቁ ቆላና በአፋር አርብቶ አደሮች ላይ ነበር። የተራበ ሕዝብ በደሴ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ጀመር። ባለሥልጣናት ያውቁ ነበር፤ ጋዜጦች ግን ዝም አሉ፣ ዜናው የንጉሠ ነገሥቱን ስም ያጎድፋል ተብሎ ተፈርቷልና። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ሲያሳዩ ነገሩ ከሹክሹክታ ወጣ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያልታወቀ ረሃብ ብሎ የሰየመውን ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ፤ ዓለምም ያኔ ደነገጠ። የሟቾቹ ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። የግምቱ ስፋት ራሱ የዝምታው ውጤት ነው፤ ማንም አልቆጠራቸውም፤ መቁጠር ማመን ነበርና።

ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ይህን ረሃብ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት መርምረውታል። ያገኙት ነገር አስደንጋጭ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የምግብ ምርት ያን ያህል አልወደቀም፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል ነበር። የወሎ ገበሬ የተራበው የመግዛት አቅሙ ስለጠፋ ነው። ሴን በኋላ ጽሑፎቻቸው ነፃ ጋዜጣ ባለበትና መንግሥት በምርጫ በሚጠየቅበት አገር ታላቅ ረሃብ አልደረሰም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። የመናገር ነፃነት የምሁራን ቅንጦት ነው ለሚል ሰው ከዚህ የጠነከረ መልስ የለም። በወሎ ያልተጻፈ ዜና የሰው ሕይወት ዋጋ ነበረው።

አብዮቱ የመጣው በዚህ ዝምታ ላይ ነው። በ1966 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ጋዜጦች ለአጭር ጊዜ በነፃነት ተነፈሱ። ደርግ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. የዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አቀናብሮ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። በ1968 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ላይ የተከፈተው «አብዮታዊ መድረክ» የግራ ቡድኖችን ክርክር አስተናግዶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ክርክሩ ወደ ጥይት ተለወጠ፣ ቀይ ሽብር አንድን ትውልድ በላ። ደራሲው በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. አሳትሞ ሥራውን አጣ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። በዚያው ዓመት ወሎ እንደገና ተራበ። መንግሥት 10ኛውን የአብዮት በዓል በመስከረም 1977 ዓ.ም. በድምቀት ሲያከብር ረሃቡ ከዜና ውጭ ነበር፤ ዓለም ያየው በጥቅምት ወር የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያነሣው ምስል በቢቢሲ ሲተላለፍ ነው። ሁለት ተቃራኒ ሥርዓቶች፣ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ፣ በአንድ ክፍለ ሀገር ላይ አንድ ዓይነት ዝምታ ጫኑ። ጥፋቱን በአንድ ንጉሥ ወይም በአንድ ወታደር ላይ ብቻ ማሳበብ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያለው ዘመን በሕግ ጽሑፍ ረገድ ከፍተኛው እርከን ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን አስቀረ፤ መንገዶች በጋዜጣና በመጽሔት ተሞሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመያዝና የመግለጽ፣ መረጃ የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሠራጨት መብትን አረጋገጠ፤ ቅድመ ምርመራን ከለከለ። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ገደቡ የተቀረጸበት መንገድ ነው። ሕጉ ነፃነቱ በአመለካከቱ ይዘትና በሚያስከትለው ውጤት ምክንያት ሊገደብ አይችልም ይላል። ገደብ የሚፈቀደው የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ነው፤ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ መግለጫ ደግሞ በሕግ ይከለከላል። ንጉሥን ወይም መንግሥትን ከትችት መጠበቅ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። የ«ንጉሥ አይከሰስ» ዘመን በወረቀት ላይ የተዘጋው እዚህ ነው።

በተግባር ግን ሌላ በር ተከፈተ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አዘጋጆች ከፖለቲከኞች ጋር ታሰሩ፣ ጋዜጦች ተዘጉ። የ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅ ትርጉሙ ሰፊ ስለነበር ጽሑፍን ወደ ወንጀል ለመለወጥ ተመቸ፤ ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ 18 ዓመት ተፈረደበት፣ ጋዜጠኛዋ ርዕዮት ዓለሙ ታሰረች፣ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ዞን ዘጠኝ የተባለው የኢንተርኔት ጦማር ጸሐፍት ተያዙ። «ድምፃችን ይሰማ» ብለው በሰላም ለተነሡ ሙስሊሞች የቆሙ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላትም በዚያው ሕግ ተፈረደባቸው። በ2010 ዓ.ም. በሩ ተከፈተ፦ እስረኞች ተፈቱ፣ የተዘጉ ድረ ገጾች ተከፈቱ፤ በ2011 ዓ.ም. የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን በአዲስ አበባ ተከበረ።

የተከፈተው በር ያስገባው ግን ነፃ ሐሳብን ብቻ አልነበረም። ሰውን በዘሩ እየለየ የሚያዋርድ፣ ለበቀል የሚጠራ ንግግር ከስልክ ወደ ስልክ ይዛመት ጀመር። የዚህን መጨረሻ አፍሪካ በሩዋንዳ አይታዋለች፤ በ1994 እ.ኤ.አ. አንድ የራዲዮ ጣቢያ ሰዎችን በስም እየጠራ ለገዳይ ያመለክት ነበር፤ ከጣቢያው ጀርባ የነበሩ ሰዎችም በኋላ በዓለም አቀፍ ችሎት ተፈርዶባቸዋል። ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 1185 አወጣች። የጥላቻ ንግግርን መከልከሉ ተገቢ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ያዛል። አዋጁ የሚያሳስበኝ ሐሰተኛ መረጃን ከዚያው ጋር ማሰሩ ነው። ሐሰት የቱ እንደሆነ የሚወስነው አካል ራሱ ትችት የሚቀርብበት አካል ከሆነ፣ በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተርቧል ብሎ የጻፈ ሰውም ሐሰተኛ መባሉ አይቀርም ነበር። በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር በ2012 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው የራባት የድርጊት መርሐ ግብር ለዚህ የተሻለ ሚዛን ያቀርባል፤ ንግግሩ የተነገረበትን ሁኔታ፣ የተናጋሪውን ሥልጣንና ተሰሚነት፣ ዓላማውን፣ ይዘቱን፣ የደረሰበትን ስፋትና አደጋ የማስከተል ዕድሉን እንመዝን ይላል። በዚህ ሚዛን ሲታይ አንድ ገበሬ በገበያ የተናገረው ቁጣና አንድ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ያወረደው ስድብ እኩል አይደሉም፤ ክብደቱ የሁለተኛው ነው።

የቅርቡ ታሪክ ደግሞ ወደ ኩታበር ይመልሰናል። የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ወሎን ሲያዳርስ ኩታበር የውጊያ ግንባር ሆነች፤ ደሴም በጥቅምት ተይዛ በኅዳር መጨረሻ ተመለሰች። በዚያ ሰዓት ስልክና መብራት የተቋረጠበት ሰው የሚሰማው ከሩቅ የሚመጣ ፕሮፓጋንዳ ብቻ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። ይህ መዝጋት ከጥንቱ ሳንሱር የሚለይበት ነገር አለ። ሳንሱር አንድን ጽሑፍ ይቆርጣል፤ የኔትወርክ መዘጋት ግን የጥላቻውንም የእውነቱንም፣ የነጋዴውንም የሐኪሙንም ንግግር በአንድነት ያቆማል። አንቀጽ 29 ገደብ በይዘት ላይ አይጣልም ሲል ያላሰበው ዓይነት ገደብ ነው፤ ይዘት ሳይመርጥ ሁሉን ይዘጋልና።

አሁን ያለንበት ምዕራፍ በተቋም ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ተብሎ ተመስግኖ ነበር፤ አንዱ ምክንያት ተቆጣጣሪውን ባለሥልጣን ከአስፈጻሚው እጅ ለማራቅ መሞከሩ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን ሲያሻሽል ዋና ዳይሬክተሩን የመሾም ሥልጣን ከምክር ቤቱ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተዛወረ። ከአባ ጊዮርጊስ ዘመን ጀምሮ ሸንጎውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ዛሬ በዚህ ሹመት ላይ ደርሷል። የሚሾመው ሰው ትችት በሚቀርብበት አካል ከተመረጠ፣ ከመካነ ሰላም ወይም ከኩታበር የድርቅ ዜና ይዞ የሚመጣ ዘጋቢ ፈቃዱ እንዳይነጠቅ የሚጠብቀው ፍርድ ቤት ብቻ ይሆናል፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ እስከ ዛሬ በአንቀጽ 29 ላይ ተመርኩዞ በመንግሥት ላይ የፈረደባቸው መዝገቦች ጥቂት ናቸው።